ዳምሌ ካካ ለማሽን የጻፉት ማስታወቂያ

ሽሪፓድ ዳምሌ ጠዋት ቢሮ የሚገቡት ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። በሦስት አይገቡም፣ በሦስት ከአሥርም አይገቡም። «በሦስት የሚገባ ሰው ቤቱ ሰላም የለውም፤ በሦስት ከአሥር የሚገባ ደግሞ ሥራው ሰላም አይኖረውም» ይላሉ። ገብተው መጀመሪያ ጠረጴዛቸውን በመሐረብ ይወለውላሉ። ቀጥሎ ከሸሚዝ ኪሳቸው ሁለት እስክሪብቶ፣ ከሱሪ ኪሳቸው ባለ ሦስት ሜትር የብረት ሜትር አውጥተው በቀኝ በኩል ይደረድራሉ። ሶፍትዌር ቤት ውስጥ ሜትር ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚሰማው ታሪክ አንድ ነው፦ ዳምሌ በተቀጠሩ ቀን ጠረጴዛቸውን ለክተው፣ በግዢ ሰነዱ ላይ ካለው ሁለት ሴንቲ ሜትር አንሶ ስላገኙት ለአስተዳደር ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። እሳቸውም በየሦስት ወሩ ማስታወሻ ከመላክ አልቦዘኑም።

ቢሮው ውስጥ ሁላችንም «ካካ» ነው የምንላቸው፤ ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላቸው ሌላ አጎት እዚህ የለንም። ሠላሳ አራት ዓመት ሳይት ላይ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። የፈሰሰ ኮንክሪት፣ የታሰረ ፌሮ፣ የተለሰነ ግድግዳ ለክተው በልኬት መዝገብ ያሰፍራሉ፣ ከልኬቱ ቢል ያዘጋጃሉ፣ ቢሉን ለሕንፃው ባለቤት መሐንዲስ ይዘው ሄደው እስኪፈርም በሩ ላይ ይቆማሉ። እኔም ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ ሥራ የተማርኩት እሳቸው ሥር ነው። አሁን ጠረጴዛዬ ከእሳቸው ፊት ለፊት ነው፤ እሳቸው ይጽፋሉ፣ እኔ የጻፉት መሥራቱን እፈትሻለሁ።

ጡረታ ወጥተው ስምንት ወር ቤት ውለዋል። የስምንቱን ወር ነገር ከባለቤታቸው ከኩሙዲኒ አንደበት መስማት ይሻላል። ኩሙዲኒ እንደ ዘመኗ ሴቶች ባሏን በስም ጠርታቸው አታውቅም፤ ስታሾፍባቸውም በአንቱታ ነው። «በመጀመሪያው ወር የቤቱን ክፍሎች ለኩ» አለችኝ አንድ ጊዜ። «በሁለተኛው ወር የጥራጥሬ ቆርቆሮዎቼን በቁመት ደረደሩ። በሦስተኛው ኩሽና ውስጥ ማስታወቂያ ሰቀሉ። 'ሻይ በቀን ሁለቴ ይፈላል፤ ሦስተኛ የሚፈልግ ከቤቱ ጠጥቶ ይምጣ' ይላል። በዚህ ቤት ሦስተኛ ሻይ የሚጠይቅ ሰው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ራሳቸው ናቸው።»

ሥራው ሲገኝላቸው ኩሙዲኒ ለመላው ሰፈር ጣፋጭ አከፋፈለች። የልጇ ሰርግ ላይ እንኳ ያን ያህል አልወጣም ይባላል።

ሥራው እንዲህ ነው። የእኛ ድርጅት ለተቋራጮች ነው የሚሠራው። የየሕንፃው ልኬትና ቢል አንድ ቋት ውስጥ ይከማቻል፤ ከዚያ ቋት መረጃ የሚያወጡ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። አንዱ የሕንፃዎቹን ዝርዝር ያመጣል፣ አንዱ የአንድን ሕንፃ ቢሎች፣ ሌላው የአንድን ቢል ዝርዝር ሥራ። አራተኛው የሕንፃው ባለቤት ከክፍያው ላይ እስከ ርክክብ ድረስ ቆርጦ የሚያስቀረውን መያዣ ያመጣል። ዳምሌ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሰነድ ይጽፋሉ፤ ምን እንደሚያመጣ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ፣ ያመጣውስ እንዴት እንደሚነበብ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንባቢያቸው ሰው ነበር። ሰው ደግሞ ሰነድ አያነብም፤ ስልክ ደውሎ «ካካ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነበር?» ይላል። ስለዚህ የሰነዱ ጉድ ለሁለት ዓመት ሳይታወቅ ቆየ።

ዘንድሮ አንባቢው ተለወጠ። በሰው ቋንቋ የተጠየቀውን ተቀብሎ፣ ከመሣሪያዎቹ የሚስማማውን ራሱ መርጦ፣ መልስ የሚያመጣ ፕሮግራም ገባ። የሚመርጠው ዳምሌ የጻፉትን አንብቦ ነው፤ ከዚያ ውጭ የሚያውቀው የለም። ስልክ ደውሎም አይጠይቅም። «አማቹ» የሚለውን ስም ያወጣለት የክፍላችን ኃላፊ ኒናድ ጎርፓዴ ነው። ኒናድ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ያገባው አምና ስለሆነ ከልምድ ነው የተናገረው። «ያቀረቡለትን ይበላል፣ ያልገባውን አይጠይቅም፣ የተሳሳተውን በሙሉ ልብ ይናገራል። ደፍሮ የሚቆጣውም የለም» አለ።

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኒናድ ወንበር ስቦ ከዳምሌ አጠገብ ተቀመጠ።

«ካካ፣ ዓርብ ወይዘሮ ጃግታፕ ይመጣሉ።»

ሱሎቻና ጃግታፕ የትልቁ ደንበኛችን፣ የአንድ ተቋራጭ ድርጅት፣ የሒሳብ ኃላፊ ናቸው። ድርጅቱ ቺንችዋድ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ ይሠራል።

«ይምጡ። ወንበሩ አለ።»

«አሥር ጥያቄ ይዘው ነው የሚመጡት። አማቹ ዘጠኙን ከመለሰ ይፈርማሉ። ካልመለሰ...» ኒናድ የእሳቸውን ሜትር አንስቶ ትንሽ ጎተተና ለቀቀው፤ ጥቅልል ብሎ ተመለሰ። «ካልመለሰ አለቆቹ የሰነዱን ሥራ ለባንጋሎር ሰዎች ሊሰጡት ነው። የእርስዎም ኮንትራት በወሩ መጨረሻ...»

«ያልቃል በላ፤ ቃሉ አይናከስም።» ዳምሌ ሜትሩን ከእጁ ተቀብለው ወደ ቦታው መለሱት። «እኔ የጻፍኩት ላይ ስህተት አይገኝም።»

ስህተት አልነበረበትም። ጣጣው ሌላ ነበር።

ማክሰኞ ልምምድ አደረግን። ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። «የቺንችዋዱ ሕንፃ እስከ ዛሬ የስንት ሩፒ ሥራ ተሠርቶበታል?» አልኩት አማቹን። ትክክለኛው መልስ አራት ክሮር ከአሥር ላክ ነው፤ ክሮር አሥር ሚሊዮን፣ ላክ መቶ ሺህ መሆኑ ነው። አማቹ ቅንጣት ሳያመነታ አሥራ አምስት ክሮር ከሰማንያ ላክ አለ። ኮንትራቱ በጠቅላላው ስድስት ክሮር ነው።

ኒናድ ራሱን ያዘ። ዳምሌ ግን ወዲያው ገባቸው፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ ነገር እኩያ የላቸውም። «ደመራቸው» አሉ፣ በሐዘን። «ሰባቱንም ቢል ደመራቸው።»

በእኛ ሙያ እያንዳንዱ ቢል ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዛሬ የተሠራውን በሙሉ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ቀድሞ የተከፈለው ከሥሩ ይቀነሳል። ሰባተኛው ውስጥ ስድስቱም አሉ። መታየት ያለበት የመጨረሻው ብቻ ነው።

«የልጅን ቁመት በየልደቱ ለክቶ እንደ መደመር ነው» አሉ ዳምሌ። «እንዲያ ከሆነ የአሥር ዓመት ልጅ ቁመቱ አሥራ አንድ ሜትር ነው።»

«ታዲያ ካካ፣ ይሄን አልጻፉለትም?»

«እንዴት አልጽፍም! ጽፌዋለሁ።»

ጽፈውታል። ከፍተን አየነው። ችግሩ አማቹ የሚያነብበት ሣጥን አራት መቶ ፊደል ብቻ መያዙ ነው፤ የተረፈው ይቆረጣል። የዳምሌ ጽሑፍ የሚጀምረው ደግሞ እንዲህ ብሎ ነው፦ «የተከበሩ ተጠቃሚ ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ይህንን መሣሪያ ለመጠቀም ስለመረጡ ከፍ ያለ ምስጋናችንን እያቀረብን፣ ከዚህ በታች የተመለከተውን ማብራሪያ ውድ ጊዜዎን ሠውተው እንዲያነቡልን በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን። ይህ መሣሪያ፣ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው...» እያለ ይሄድና፣ አራት መቶኛው ፊደል ላይ ሲደርስ፣ «በተለይም በጥብቅ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ቢኖር» ይላል። እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ኒናድ ሳቁን በሳል ሸፈነው። «ካካ፣ ማሽን እኮ ነው። ምስጋናውን ምን ያደርግለታል?»

«ቢሮ ውስጥ የሚጻፍ ነገር እንዲህ ነው የሚጻፈው። የመጀመሪያው አለቃዬ፣ ነፍሱን ይማር፣ ያለ ሰላምታ የተጻፈ ደብዳቤ ያለ ፌሮ የተሞላ ኮንክሪት ነው ይል ነበር።»

«እሺ፣ ፌሮውን ትተን ኮንክሪቱን እንሙላ። ያሳጥሩት።»

ረቡዕ አሳጠሩት። አሳጠሩት ማለት በራሳቸው መንገድ ነው። በልኬት መዝገብ ሕግ የተጻፈ ነገር አይደመሰስም፣ ገጽም አይቀደድም። የተሳሳተው ቁጥር እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው የስሙን መጀመሪያ ፊደላት ይፈርማል። ዳምሌ ኪሱ ውስጥ ላጲስ የተገኘበትን ተለማማጅ ከሳይት ያባረሩ ሰው ናቸው። እናም ሰላምታውን ሰረዙና ፈረሙ፣ ምስጋናውን ሰረዙና ፈረሙ፣ ትሕትናውን ሰረዙና ፈረሙ። ወረቀት ላይ ቢሆን ያምር ነበር። የስረዛው መስመር ግን ለዓይን ነው፤ አማቹ ዓይን የለውም። መስመሩን ዘሎ ሁሉንም አነበበ፣ ፊርማውን ጨምሮ። ስለ መያዣው ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ይህ መያዣ ሽ.ዳ. በተባሉ ኃላፊ አሥራ ሰባት ጊዜ ጸድቋል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኒናድ ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ዳምሌ ብቻ አልሳቁም።

«ካካ፣ ያጥፉት በቃ። አንድ ቁልፍ እኮ ነው።»

«በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ፊደል ደምስሼ አላውቅም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የደመሰሰ ሰው፣ ምን ደብቀህ ነው ተብሎ ይጠየቃል።» ሜትራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ወትሮ ከሥራ በሚወጡበት ሰዓት እንጂ ከዚያ በፊት ሜትራቸው ከጠረጴዛ ተነሥቶ አያውቅም። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ሐሙስ ሦስት ከአምስት ሆነ፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ሦስት ከአሥርም ሆነ። እስከ ምሳ ሰዓት ስልክ ብንደውል አይነሣም። ኒናድ ጸጉሩን እያሻሸ መጣና፣ «ሬኑካ፣ ሂጂ እስቲ። አንቺን አይቆጡሽም» አለኝ። ይቆጡኛል። ቢሆንም ስኩተሬን አስነሥቼ ሄድኩ። በሹል ምላሱና በበር ላይ ማስታወቂያው የሚታወቀው የዳምሌ ሰፈር፣ ሳዳሺቭ ፔት፣ ስደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ አስፋልቱ ይጋገራል፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፣ ውሻ እንኳ ከጥላው አይነቃነቅም።

የዳምሌን በር ለዓመታት አውቀዋለሁ፤ ፊቱ ቆሜ ያነበብኩት ግን ያን ቀን ነው፣ ደወሉን ለመጫን ስለፈራሁ። በነጭ ቀለም የተጻፉ አምስት ቆርቆሮዎች ከላይ ወደ ታች ተሰቅለዋል።

«ደወሉን አንዴ ይጫኑ። እግር እንጂ ክንፍ የለንም።»

«ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት እንተኛለን። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ከሰባት በፊት መምጣት ይችል ነበር።»

«ጆሺ እዚህ አይኖሩም። የሚኖሩት ከፓን ቅጠል ሱቁ ቀጥሎ ነው። የፓን ሱቁ የት ነው የሚል ጥያቄ አይመለስም።»

«እዚህ ሞተር ያቆመ ሰው ሲመለስ ጎማው አየር ቢጎድለው ነፋሱን ይጠይቅ።»

«አበባ ለጸሎት የሚፈልግ ይትከል፣ ያጠጣ፣ ሦስት ዓመት ይጠብቅ። የተሰረቀ አበባ አምላክም አይቀበልም።»

ስኩተሬን ሃያ ሜትር ርቄ አቁሜ ተመለስኩ። በሩ ደወል ሳይነካ ተከፈተ። ኩሙዲኒ በመስኮት አይታኝ ነበር።

«ቀስ ብለሽ ግቢ ልጄ» አለች። «ተኝተዋል። ማለቴ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣራ እየለኩ ነው።»

ኩሽና ተቀመጥን። ከምድጃው በላይ የሻዩ ማስታወቂያ አለ። የቀዘቀዘ የአሬራ መጠጥ ሰጠችኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ንገሪኝ። ትናንት ከመጡ ጀምሮ ትንፍሽ አላሉም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የማድ ቤቱን በር ሲለኩ አገኘኋቸው። እዚህ ሊለጥፉ ያሰቡት ነገር አለ፤ ልክ እንደዚያኛው ጊዜ። ሬኑካ፣ እኔ ያን ስምንት ወር ደግሜ አልችለውም። እሳቸውም አይችሉትም።»

ሁሉንም ነገርኳት። የተከበሩ ተጠቃሚ ሆይን፣ አራት መቶ ፊደሉን፣ አሥራ ሰባቱን ፊርማ። ፊርማው ላይ ስደርስ በሳሪዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «የሚያነበው ማሽን ነው አልሽ። ረጅም ከሆነ አያይም። ካልከለከሉት ያጠፋል። ያልገባውን አይጠይቅም።»

«አዎ ካኩ» አልኩ፤ የካካ ሚስት ካኩ ናት።

«ያ ታዲያ በራችን ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ ማለት አይደል?»

ተያየን። ከዚያ በኋላ አሥር ሰዓት እስኪሆን መጠበቅ ሆነ የቀረን፤ ቀድሞ የሚቀሰቅሳቸው ሰው በዚያ ቤት የለም፣ ሚስታቸውም ብትሆን።

ልክ አሥር ሰዓት ላይ ዳምሌ ፊታቸውን ታጥበው ወጡ። እኔን ሲያዩ አልገረማቸውም። «ስኩተርሽን የት አቆምሽ?» አሉ።

«ሃያ ሜትር ርቄ።»

«ጥሩ።»

ኩሙዲኒ ሻያቸውን አቀረበችና ሳትቀመጥ ጀመረች። «እርስዎ፣ የበሩን ጽሑፍ ሲጽፉ ለምን 'የተከበሩ አበባ ሰራቂ ሆይ' ብለው አልጀመሩም?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? በር ላይ የሚጻፈው ለሥራ ፈትና ለሌባ ነው። ሳያነብ የሚያልፍ ሰው ነው። በሁለት መስመር ካልያዝሽው ሄደ። ቢሮ ሌላ ነው፤ ቢሮ ውስጥ የሚነበበው በክብር ነው።»

«አማቹስ በክብር ነው የሚያነበው?» አልኩ እኔ።

«አማች እንግዳ ነው» አሉ ቆጣ ብለው። «ለእንግዳ በር ላይ እንደሚጻፈው አይጻፍም።»

ኩሙዲኒ ይህችን ነበር የምትጠብቀው። «የራሳችን አማች ለመጀመሪያው የዲዋሊ በዓል ሲመጣ፣ የመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ረሱት? እኔ አልረሳሁትም። 'ጣፋጩ የሚጨመረው ለጠየቀ ነው። አፍሮ ዝም ያለ ኋላ ሚስቱን አይውቀስ።' ልጄ አለቀሰች፣ አማቷ ተቀየሙ፣ እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ልጁስ?»

ዳምሌ ሻያቸውን አማሰሉ፤ ስኳር አልነበረበትም።

«ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ቤት ያልገባውን ሳይጠይቅ የቀረበት ጊዜ የለም» አለች ኩሙዲኒ። «ጨው የት ነው ይላል፣ ፎጣው የማነው ይላል። ሦስት ሰሃን የእርጎ ጣፋጭ፣ ሽሪካንድ፣ ጠይቆ ይበላል። ከአማቾች ሁሉ ሳይራብ ወደ ቤቱ የሚሄድ እሱ ብቻ ነው።»

ዳምሌ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ የቀለም ብሩሽና አንድ ቆርቆሮ ይዘዋል።

«ካካ፣ በኮምፒውተር እኮ ነው የሚገባው» አልኩ።

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ግን በብሩሽ ነው። በእስክሪብቶ የሚጻፍ ይረዝማል።»

ዓርብ ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ዳምሌ በመሐረብ ጠረጴዛቸውን ወለወሉ። አራት ቆርቆሮ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጥቷል፤ ከላዩ እያዩ አንድ በአንድ ሣጥኑ ውስጥ አስገቡት። የቢሎቹ መሣሪያ እንዲህ ይላል፦

«የአንድ ሕንፃ ቢሎችን ያመጣል። የሁለት ሕንፃ የሚፈልግ ሁለቴ ይጠይቅ። እያንዳንዱ ቢል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተሠራውን ሁሉ ይዟል፤ ስለዚህ አትደምር። የመጨረሻውን ብቻ አንብብ። የደመረ ሰው አንዱን ሕንፃ አራት ጊዜ ሠርቷል።»

የሕንፃዎቹ ዝርዝር፦ «ተመሳሳይ ስም ካለ የትኛው ነው ብለህ ጠይቅ። ግምት ለዝናብ ነው።»

የመያዣው፦ «ባለቤቱ የያዘውን መያዣ ያመጣል። መቼ እንደሚለቀቅ አያውቅም። ባለቤቱም አያውቅም። ተስፋ እዚህ አይሰጥም።»

ኒናድ የመጨረሻውን ሲያነብ እጁን ወደ ቁልፎቹ ዘረጋ። ለማስተካከል ግን ጊዜ አልነበረም፤ ወይዘሮ ጃግታፕ ከአሳንሰሩ ወጥተዋል። ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ አጭር፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። የቀረበላቸውን ሻይ ገፋ አድርገው አንድ ወረቀት ዘረጉ። አሥር ጥያቄ፣ ከጎኑ አሥር ባዶ ሣጥን።

የመጀመሪያው ያው የቺንችዋዱ ነበር። አማቹ አራት ክሮር ከአሥር ላክ አለ። ትክክል። ዳምሌ ሜትራቸውን ጨብጠው ጥግ ላይ ቆመዋል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም አለፈ። አራተኛው ላይ ቢሉ የቀረበበትን ቀን ሲጠየቅ ልኬቱ የተወሰደበትን ቀን ሰጠ። ወይዘሮ ጃግታፕ ሣጥኑ ውስጥ ኤክስ አደረጉ። ኒናድ እኔን አየ፣ እኔ መሬት አየሁ። ያለን አንድ ስህተት ብቻ ነበር፤ እሱም አለቀ።

ሰባተኛው ላይ ሆን ብለው ሊያጠምዱት፣ «የጋንጋ ሕንፃን የመጨረሻ ቢል አምጣ» አሉ። ጋንጋ የሚባል ሁለት አላቸው። አማቹ፣ «ጋንጋ ሁለት አለ። የትኛው?» አለ። ወይዘሮዋ ቀና ብለው ስክሪኑን አዩትና ሣጥኑ ውስጥ ራይት አደረጉ። ስምንተኛው አለፈ፣ ዘጠነኛውም።

አሥረኛውን ከወረቀቱ አላነበቡም፤ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። «የዋካዱ ሕንፃ መያዣዬ መቼ ነው የሚለቀቀው?»

አማቹ ጻፈ፦ «የተያዘው ሃያ ሁለት ላክ ነው። መቼ እንደሚለቀቅ አላውቅም። ባለቤቱም አያውቅም። ተስፋ እዚህ አይሰጥም።»

ወይዘሮ ጃግታፕ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄን የጻፈው ማን ነው?»

ዳምሌ ከጥጉ አንድ እርምጃ ወጡ። «እኔ ነኝ።»

«ቤትዎ የት ነው?»

«ሳዳሺቭ ፔት።»

«እሱማ ያስታውቃል» አሉ ወይዘሮዋ። «የዋካዱን መያዣ ስጠይቅ ስድስት ዓመቴ ነው። መሐንዲሱን ጠየቅሁ፣ በቅርቡ አለኝ። ባለቤቱን ጠየቅሁ፣ በቅርቡ አለኝ። የገዛ ጠበቃዬም በቅርቡ ነው የሚለኝ። አላውቅም ያለኝ የመጀመሪያው ይሄ ነው።» አሥረኛው ሣጥን ውስጥ ራይት አደረጉ፣ ገፋ ያደረጉትን ሻይ ሳቡና ጠጡት። «ቀዝቅዟል» አሉ።

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ትኩስ ነበር» አሉ ዳምሌ።

ወይዘሮዋ ከሄዱ በኋላ ኒናድ የዳምሌን ኮንትራት ለአንድ ዓመት የሚያራዝመውን ወረቀት ይዞ መጣ። አንድ ልመናም አብሮ ነበር። «ካካ፣ 'ባለቤቱም አያውቅም' የምትለዋ ትውጣልኝ። ነገ ባለቤቶችም ደንበኛ ይሆናሉ።»

ዳምሌ ወረቀቱን አነበቡ፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረው ዓረፍተ ነገሯን ለብዙ ጊዜ ተመለከቷት። መሳቢያ ከፍተው የድሮ ልኬት መዝገባቸውን አወጡ፣ ዓረፍተ ነገሯን በእስክሪብቶ ገለበጧት፣ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዟት፣ ከጎኗ ሽ.ዳ. ብለው ፈረሙ፣ ቀንም አከሉበት።

«ሬኑካ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው። «የማጥፊያዋን ቁልፍ አንቺ ተጫኚልኝ። የእኔ እጅ አይታዘዝም።»

ተጫንኩት።

ሰኞ ዳምሌ በጋዜጣ የተጠቀለለ አምስተኛ ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ኩሙዲኒ ናት የላከችው፤ ቅዳሜ ኮንትራቱን ስትሰማ ጣፋጭ ከማከፋፈሏ በፊት መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መዶሻ አንስታ ከኩሽናዋ ግድግዳ መንቀል ነበር። አሁን ከቢሯችን የሻይ ፔርሙስ በላይ ተሰቅሏል። ሻይ በቀን ሁለቴ ይፈላል፤ ሦስተኛ የሚፈልግ ከቤቱ ጠጥቶ ይምጣ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዳምሌ ባዶ ብርጭቆ ይዘው ፊቱ ይቆማሉ፣ ያነቡታል፣ ግራና ቀኝ አይተው ሦስተኛውን ይቀዳሉ።

ማንም አያይም። ሥራ ላይ ነን።